ፔኮላ ሰማያዊ ዓይን ለምን ለመነች?

ወለተ ንባብ፦

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ቨርጂኒያ ውስጥ ሲሆን፣ በወር አንድ ጊዜ ከሰባት ሴቶች ጋር ቡና አፍልተን በአንድ መጽሐፍ ላይ እንወያያለን። ባለፈው ወር ያነበብነው ጥቁር አሜሪካዊቷ ደራሲ ቶኒ ሞሪሰን በ1970 ያሳተመችውን የመጀመሪያ ልብ ወለዷን «ዘ ብሉዌስት አይ»ን ነበር፤ ርእሱን በአማርኛ «ከሁሉም የሚበልጥ ሰማያዊ ዓይን» ብንለው የሚቀርበው ይመስለኛል። (ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ሴቶቹ ወደየቤታቸው ከሄዱ ሦስት ሳምንት ሆነ፤ በመጽሐፉ ውስጥ ያለችው ልጅ ግን ከእኔ ጋር ቀርታለች፤ ስለዚህ የእናንተን ሐሳብ ለመስማት ይህን የውይይት ክር ከፈትሁ።

ታሪኩ ከ1940 መጸው ጀምሮ በኤሪ ሐይቅ ዳር በምትገኘው የኦሃዮ የብረት ፋብሪካ ከተማ በሎሬን ይካሄዳል። ፔኮላ ብሪድላቭ 11 ዓመቷ ነው። ቤተሰቧ ድሃ ነው፤ ወላጆቿ ይደባደባሉ፤ በክፍሏ ውስጥ ለሁለት የተሠራው ዴስክ ላይ ብቻዋን የምትቀመጠው እርሷ ናት። በየማታው ሳታቋርጥ እግዚአብሔርን የምትለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰማያዊ ዓይን። ብዙ አንባቢ ይህን የቁንጅና ምኞት አድርጎ ያልፈዋል፤ እኔም በመጀመሪያው ንባቤ እንዲሁ አልፌው ነበር። ነገር ግን ልጅቷ የራሷ ስሌት አላት። ያን ሁሉ ጠብ ያየው ይህ ዓይኗ ነው፤ ዓይኗ ሌላ ቢሆን፣ ቢያምር፣ እርሷም ሌላ ትሆናለች፤ እናትና አባቷም «በእነዚህ በሚያምሩ ዓይኖች ፊት ክፉ ነገር ማድረግ የለብንም» ይላሉ ብላ ታስባለች። የምትለምነው ሰዎች ጨዋ ሆነው የሚቆሙለትን ዓይን ነው።

አንድ ትዕይንት በዝርዝር ላንሣ። ፔኮላ በጫማዋ ውስጥ ሦስት ሳንቲም ይዛ ከረሜላ ልትገዛ ትሄዳለች። በመንገዷ በስልክ እንጨት ሥር የበቀሉ ቢጫ የሜዳ አበቦች ታያለች፤ ሰዎች ለምን አረም እንደሚሏቸው ይገርማታል፤ ለእርሷ ያምራሉ። ሱቁ ውስጥ ባለሱቁ ሚስተር ያኮቦውስኪ ዓይኑን ወደ እርሷ ያዞራል፤ ዓይኑ ግን ሳይደርስባት በመንገድ ይቀራል፤ የሚታይ ነገር ያለ አይመስለውም። ሳንቲሙን ሊቀበል ሲል እጇን መንካት ይከብደዋልና ያመነታል። ከስድብ አንድ ቃል እንኳ አልወጣውም። ልጅቷ ስትወጣ እነዚያኑ አበቦች ታያቸዋለች፤ አሁን አስቀያሚ ናቸው፤ አረም ናቸው። ከዚያም ሜሪ ጄን የተባለውን ከረሜላ፣ በመጠቅለያው ላይ ሰማያዊ ዓይን ያላት የነጭ ልጅ ሥዕል ያለበትን፣ ዓይኖቹን እንደምትበላ፣ ሜሪ ጄንን እንደምትሆን እያሰበች ትበላዋለች።

ይህን ካነበብሁ በኋላ ባለው ቅዳሜ የስምንት ዓመት ልጄን ጸጉር ሳበጥር ማበጠሪያው ያዘብኝ። ደክሞኝ ነበርና «ይህ ከርዳዳ ጸጉር ደግሞ ከየት የመጣ ነው? የእኔ ወገን እንኳ እንዲህ አይደለም» አልሁ። ልጄ ቀና ብላ በመስተዋቱ ውስጥ አየችኝ። ምንም አላለችም። ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይህን ነው፦ ከውጭ ያለው የዘር ንቀት ወደ ልጅቷ ልብ የሚገባው በማን እጅ ነው? ሌሎች ደራስያንስ ይህን እንዴት አሳይተውታል?

መምህር ዘጎንደር፦

ለተከበሩት ወለተ ንባብ፣ ስላነሡት ጉዳይ አመሰግናለሁ። ሥነ ጽሑፍ ለረጅም ጊዜ ያስተማርሁ እንደ መሆኔ ጥቂት ነገር ልጨምር።

ደራሲዋ ራሷ በ1931 የተወለደችው በዚያችው በሎሬን ነው። የመጽሐፉ መነሻም አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለች አንዲት ጥቁር ጓደኛዋ ሰማያዊ ዓይን እንደምትመኝ የነገረቻት ቀን መሆኑን ጽፋለች። ያን ዓይን በዚያች ልጅ ፊት ላይ አድርጋ በሐሳቧ ብትስለው አስጠላት፤ ልጅቷን በራሷ ፊት ላይ እንዲህ እንድትጨክን ያስተማራት ማን እንደ ሆነ መጠየቅ የጀመረችውም ከዚያ ነው። መጽሐፉ ሲታተም ደራሲዋ 39 ዓመቷ ነበር። ጥያቄውን ከልጅነቷ ጀምሮ ተሸክማው ኖራለች ማለት ነው።

ከአጻጻፉ አንድ ነገር ልጠቁም። መጽሐፉ የሚከፈተው በዘመኑ የአሜሪካ ልጆች ንባብ በሚማሩበት የዲክና የጄን መጽሐፍ አምሳል በተጻፈ አንቀጽ ነው፤ አረንጓዴና ነጭ ቤት፣ የምትስቅ እናት፣ የሚያሳድጋቸው ደስተኛ አባት። አንቀጹ ሦስት ጊዜ ይደገማል፤ በመጀመሪያ ሥርዓተ ነጥቡ ተሟልቶ፣ ቀጥሎ ያለ ሥርዓተ ነጥብ፣ በመጨረሻም ቃል ከቃል ሳይለይ እንደ አንድ ረጅም ጩኸት ተያይዞ። የንባብ ትምህርት የመጀመሪያው የመስተዋት ትምህርት መሆኑን እንዲህ አድርጎ ያሳየ ደራሲ አላውቅም። ፔኮላ ፊደል የቆጠረችበት መጽሐፍ «ቤት ማለት ይህ ነው» ሲላት፣ የእርሷ ቤት ግን ለኪራይ ሱቅ ሆኖ የኖረ ባዶ ክፍል ነው።

ልብ ወለዱ በሚተረክበት ዘመን ኬኔት ክላርክና ባለቤቱ ሜሚ ክላርክ የተባሉ ጥቁር የሥነ ልቡና ሊቃውንት ይህንኑ ነገር በአሻንጉሊት መርምረውታል። ከሦስት እስከ ሰባት ዓመት ለሆኑ 253 ጥቁር ሕፃናት ነጭና ቡናማ አሻንጉሊቶች ሰጥተው «ከየትኛዋ ጋር መጫወት ትፈልጋለህ? ቆንጆዋ የትኛዋ ናት? መጥፎ የምትመስለውስ?» ብለው ጠየቁ። ከሦስቱ ሁለት እጅ የሚሆኑት ለጨዋታ ነጯን መረጡ፤ ከግማሽ የሚበልጡት ቡናማዋን መጥፎ አሉ። ከዚያ በኋላ «አንተን የምትመስለውን ስጠኝ» ሲባሉ አንዳንዶቹ አለቀሱ፤ አንዳንዶቹም ከክፍሉ ሮጠው ወጡ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1954 በትምህርት ቤቶች ውስጥ የዘር መለያየትን ሕገ ወጥ ሲያደርግ ከጠቀሳቸው ሥራዎች መካከል የኬኔት ክላርክ ጽሑፍ አንዱ ነበር። እዚህ ላይ መርሳት የማይገባው፣ ሎሬን ሰሜን ውስጥ የምትገኝ፣ ጥቁርና ነጭ ልጆች በአንድ ክፍል የሚማሩባት ከተማ መሆኗን ነው። በበሩ ላይ «ለነጮች ብቻ» የሚል ጽሑፍ ስለሌለ ልጅቷ የምትታገለውን ነገር በጣቷ ማሳየት አትችልም፤ ምልክት የሌለው ንቀት ደግሞ ልጅን «ጥፋቱ ከእኔ ነው» ወደ ማለት ይገፋታል።

አዲስ አበቤ፦

ሁለቱንም ጽሑፎች በጥሞና አንብቤአለሁ። በአክብሮት አንድ ተቃውሞ አለኝ። ይህ ታሪክ የአሜሪካ ታሪክ ነው። በባርነት፣ በመለያየት ሕግና በሆሊውድ የተሠራ ቁስል ነው። የእኛ ልጆች ንጉሡም፣ ዳኛውም፣ ቄሱም፣ ሙሽራዋም እንደ እነርሱ በሆነበት አገር ያደጉ ናቸው። እኔ ልጅ ሳለሁ ዓይን ሰማያዊ ሊሆን እንደሚችል እንኳ አላውቅም ነበር። ዘፈኖቻችንም ጠይሟን ሲያወድሱ የኖሩ ናቸው። ስለዚህ የፔኮላን ሸክም ወስደን በራሳችን ላይ እንዳንጭን እሰጋለሁ፤ ወለተ ንባብም በአንዲት የድካም ቃል ራስዎን እንዲህ መውቀስ የለብዎትም።

ሁለተኛው ሐሳቤ ስለ ልብ ወለዱ ነው። የፔኮላን ሕይወት ያፈረሰው የዘር ንቀት ብቻ ነው ማለት ይከብደኛል። ድህነት አለ፣ መጠጥ አለ፣ አባቷ እርሷን በመድፈር የፈጸመው አስነዋሪ ወንጀል አለ። ይህን ሁሉ «የነጭ ዓይን ያመጣው ነው» ብንል የሰውን ኃላፊነት ማቅለል አይሆንም ወይ?

የናታንያ እናት፦

ወንድማችን አዲስ አበቤ፣ ዘፈኖቻችን ጠይሟን ያወድሳሉ ያሉት እውነት ነው። ነገር ግን ልብ ብለው ያድምጡ፤ የሚወደሰው ጠይም ነው፤ ጥቁር አይደለም። እኛ ሰውን ስንገልጽ ቀይ፣ የቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጥቁር እያልን በደረጃ እንደረድራለን፤ ልጅ ሲወለድም «ቀይ ናት ወይስ ጠቆር ትላለች?» ብሎ የሚጠይቅ ዘመድ አይጠፋም። «ጥቁር ናት፣ ግን ቆንጆ ናት» ሲባል ያልሰማ ማን አለ? «ቀይ ናት፣ ግን ቆንጆ ናት» ሲባል ሰምተው ያውቃሉ? በዚያች «ግን» ውስጥ ምን እንዳለ እኔ የተረዳሁት እዚህ አገር ልጆች ካሳደግሁ በኋላ ነው።

ከጎንደር ገጠር ወደ እስራኤል የመጣሁት በልጅነቴ ነው። ጥቁር መሆኔን ያወቅሁት እዚህ ነው፤ በአገሬ ሳለሁ የነበረብኝ ስድብ ሌላ ዓይነት ነበር፤ እርሱን እዚህ አላነሣውም። በዚህ የሚኖሩ ልጆች የሰውነት ቀለም የሚሉት ከሮዝ የሚቀርብ ፈዛዛ እርሳስ አለ፤ በዕብራይስጥ «ጼቫ ጉፍ» ይሉታል። ልጄ አራት ዓመት ከስድስት ወር ሲሆናት ከመዋዕለ ሕፃናት ይዛ የመጣችው ሥዕል ላይ እኔም፣ አባቷም፣ እርሷም፣ አያቷም ሁላችንም በዚያ ሮዝ ቀለም ተቀብተናል። የአያቷን ቀሚስና ነጠላ፣ የጥለቱን አረንጓዴና ቢጫ ሳይቀር በጥንቃቄ ሥላዋለች። ፊቷ ግን ሮዝ ነበር። «እማሆይ እንዲህ ናቸው እንዴ?» ብዬ ብጠይቃት «ይህ እኮ የሰውነት ቀለም ነው» አለችኝ፤ ቡናማውን እርሳስ አውጥታ «ይህ የእንጨት ነው» አለች። አስተማሪዋ ክፉ ሰው አልነበረችም፤ ልጄን ትወዳታለች። በአሜሪካም ክሬዮላ የተባለው አምራች «ሥጋ» ብሎ ይጠራው የነበረውን ተመሳሳይ ቀለም ስሙን ለውጦ «ኮክ» ያለው በ1962 ነው፤ ፔኮላ በልጅነቷ ሥዕል ሥላ ከነበረ ሥጋ ማለት ምን ዓይነት ቀለም እንደ ሆነ በሳጥኑ ላይ ተጽፎ አንብባለች ማለት ነው።

ስለ «ግን» ካነሣሁ አንድ ነገር ልጨምር። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ፣ መኃልየ መኃልይ ምዕራፍ 1 ቁጥር 5 ላይ «እኔ ጥቁር ነኝ፥ ነገር ግን ውብ ነኝ» ይላል። ዕብራይስጡ «ሽሖራ አኒ ቬናቫ» ነው። «ቬ» የምትለዋ ፊደል «ግን» ተብላ ልትተረጐም ትችላለች፤ በአብዛኛው ግን «እና» ማለት ናት። ጥቁር ነኝ፤ ውብም ነኝ። ይህን ለልጄ ያነበብሁላት በዕብራይስጥ ነው።

የሁለት ቋንቋ ልጅ፦

ጤና ይስጥልኝ፣ አባቶችና እናቶች። የተወለድሁት ሚኒሶታ ነው፤ አማርኛ መጻፍ የተማርሁት በቅዳሜ ትምህርት ቤት ስለሆነ ስሕተት ካለ አርሙኝ። ይህን መጽሐፍ ያነበብሁት በ16 ዓመቴ ነው፤ ስለዚህ ከእናቶች ወገን ሳይሆን ከልጆች ወገን ልናገር።

ሁሉም ስለ ፔኮላ ያነሣል፤ እኔን ያዳነችኝ ግን ተራኪዋ ክላውዲያ ናት። ክላውዲያ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት። ለገና ሰማያዊ ዓይን ያላት ትልቅ አሻንጉሊት ሲሰጧት ሁሉም እንድትደሰት ይጠብቃሉ፤ እርሷ ግን ዓለም ሁሉ የሚወደው ነገር ከውስጧ የት እንዳለ ለማየት አሻንጉሊቷን ትፈታታታለች፤ ጣቶቿን ትሰብራለች፣ ዓይኗን ትነቅላለች። ያገኘችው አሻንጉሊቷን የምታለቅስ የሚያስመስላትን የብረት ክብ ብቻ ነው። ትልልቆቹ ይቆጣሉ። ስለ ገና ስጦታ ግን ማንም ምን እንደምትፈልግ አልጠየቃትም፤ የምትፈልገው በሴት አያቷ ወጥ ቤት በዝቅተኛ በርጩማ ላይ ተቀምጣ አበባ ታቅፋ ወንድ አያቷ ለእርሷ ብቻ ቫዮሊን እንዲጫወቱላት ነበር።

ፔኮላ ግን በክላውዲያ ቤት ተጠግታ ሳለች የሸርሊ ቴምፕል ሥዕል ባለበት ኩባያ ወተት ደጋግማ ትጠጣለች፤ የክላውዲያ እናት ወደ ሦስት ሊትር የሚጠጋ ወተት አለቀ ብላ እስክትጮህ ድረስ። ሆዳም ስለሆነች ሳይሆን ኩባያውን ለመያዝና የልጅቷን ፊት ለማየት ነው። ሸርሊ ቴምፕል በ1930ዎቹ ዓለምን የማረከች የሆሊውድ ሕፃን ናት፤ የወርቅ ጥቅልል ጸጉር፣ የጉንጭ ስርጉድ። ክላውዲያ ትጠላታለች። በጣም ያሳዘነኝ ግን ቀጥሎ የምትለው ነው፤ ከጊዜ በኋላ እኔም እርሷን መውደድ ተማርሁ፣ ነገር ግን ለውጡ መላመድ እንጂ መሻሻል አልነበረም ትላለች። እኔም ከትምህርት ቤት የተማርሁት ብዙ ነገር እንደዚያ ነበር።

ለአባቴ አዲስ አበቤ፦ የአገራችን ታሪክ ጠብቆኛል ማለት እፈልግ ነበር። ቤት ውስጥ ስለ ዓድዋ ሰምቼ አድጌአለሁ። ነገር ግን ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ ከኋላዬ የተቀመጠው ልጅ ጸጉሬ ውስጥ እርሳስ እየሰካ ስንት እንደሚይዝ ሲቆጥር ዓድዋን አልጠየቀኝም። እቤት ስመለስ ደግሞ አንዲት ዘመዳችን «ተተኮሺው፣ ያምርብሻል» አሉኝ። ሁለቱ በአንድ ቀን አንድ ነገር ነገሩኝ።

ወለተ ንባብ፦

የሁለት ቋንቋ ልጅ፣ አማርኛሽ ምንም እርማት አይፈልግም፤ የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገርሽን ለባለቤቴ አንብቤለታለሁ።

የአዲስ አበቤን ሁለተኛ ጥያቄ ልመልስ፤ ምክንያቱም በቡናችንም ላይ ያከራከረን እርሱ ነው። የአባቷን የቾሊን ወንጀል የሚያቀልል የለም፤ ደራሲዋም አላቀለለችውም። ነገር ግን እኔን ያስጨነቀችኝ እናቲቱ ፖሊን ናት። ፖሊን ፊልም ቤት ገብታ ውበት ምን እንደ ሆነ ተማረች። ጸጉሯን በመጽሔት እንዳየችው እንደ ተዋናይቷ እንደ ጂን ሃርሎ ሠርታ፣ ከረሜላ እየበላች ፊልም ስታይ ጥርሷ ወለቀ፤ ከዚያ ቀን በኋላ ተስፋ ቆርጣ አስቀያሚ መሆንን ተቀበለች። ልጇ ስትወለድም ጸጉሯ ያምራል፣ ልጅቷ ግን አስቀያሚ ናት አለች። ገና ጡት ባልጣለች ሕፃን ላይ የታየው በዚያ ፊልም ቤት የተማረችው ዓይን ነው።

ከዚያ በኋላ የወጥ ቤቱ ትዕይንት ይመጣል። ፖሊን በአንድ የነጭ ቤተሰብ ቤት ታገለግላለች። ፔኮላ ከክላውዲያና ከእኅቷ ጋር በዚያ ቤት ሳለች፣ ከምድጃ የወጣውን ትኩስ የብሉቤሪ ጣፋጭ ሳታስበው ነክታ ትጥለዋለች፤ የፈላው ጭማቂ እግሯን ያቃጥላታል። እናትየው ትመታታለች፣ ታስወጣታለች፤ የምታለቅሰውን የነጮቹን ሕፃን ግን አቅፋ ታባብላታለች። ሕፃኗ «እነማን ናቸው?» ብላ ስትጠይቅ «ዝም በይ፣ አትጨነቂ» ትላታለች። ልጄ ናት አላለችም። በዚያ ቤት ያለችው ትንሽ ልጅ ፖሊንን «ፖሊ» ብላ ትጠራታለች፤ የገዛ ልጇ ፔኮላ ግን የምትጠራት «ሚስስ ብሪድላቭ» ብላ ነው። በእኛ አገር በአያት ቤት ያደጉ ልጆች እናታቸውን በስሟ ሲጠሩ አውቃለሁ፤ ያ ግን የፍቅር ወግ ነው፤ ይህ ሌላ ነው። ይህች ልጅ «እማዬ» የሚለው ቃል የሚገባት አልመሰላትም።

የሁለት ቋንቋ ልጅ፦

ስለ አጠራር ያነሡት ሌላ መጽሐፍ አስታወሰኝ። ሞሪሰን በ2015 ያሳተመችው የመጨረሻ ልብ ወለዷ «ጎድ ሄልፕ ዘ ቻይልድ» ውስጥ ያለችው እናት ቆዳዋ የፈካ ጥቁር አሜሪካዊት ናት፤ የወለደቻት ልጅ ግን ጥቁረቷ እኩለ ሌሊት የመሰለ ነው። እናትየው «እማዬ አትበይኝ፣ ስዊትነስ በይኝ» ብላ ታስጠናታለች፤ ሰው እናትና ልጅ መሆናቸውን እንዳያውቅ። ልጅቷን መንካት አትወድም። ልጅቷ በልጅነቷ በአንዲት መምህርት ላይ ፍርድ ቤት ቆማ በሐሰት ትመሰክራለች፤ ምክንያቱ አንድ ብቻ ነው፤ ከምስክርነቱ በኋላ እናቷ ኮርታባት እጇን ትይዝላታለች። በመጀመሪያው መጽሐፍ ባለሱቁ የልጅቷን እጅ ላለመንካት ያመነታል፤ ከ45 ዓመት በኋላ በታተመው መጽሐፍ ልጅቷ እጇን የሚይዝ ፍለጋ የንጹሕ ሰው ሕይወት ታጠፋለች። ለዚህ ነው ደራሲዋ ጥያቄውን እስከ ዕድሜዋ ማለቂያ አልተወችውም የምለው።

አዲስ አበቤ፦

በጸጉር ውስጥ ስለ ተሰካው እርሳስ ያነበብሁትን ከአእምሮዬ ማውጣት አልቻልሁም፤ የሁለት ቋንቋ ልጅንም ይቅርታ እጠይቃለሁ። «የአሜሪካ ታሪክ ነው» ያልሁትን አስተካክላለሁ፤ ስለ «ግን» የተባለውም ትክክል ነው፤ እናቴ ስለ ታናሽ እኅቴ የምትለው ይህንኑ ነበር።

ይሁንና አንድ ነገር ይቀረኛል። ልጄ 11 ዓመቷ ነው፤ እንግሊዝኛ በደንብ ታነባለች። ይህን መጽሐፍ አሁን ልሰጣት አልደፍርም። በአሜሪካም ከትምህርት ቤቶችና ከቤተ መጻሕፍት እንዲነሣ በተደጋጋሚ አቤቱታ ከሚቀርብባቸው መጻሕፍት አንዱ እንደ ሆነ አውቃለሁ። ደግሞስ ጥቁር ልጅ በልብ ወለድ ውስጥ የምትገኘው ስትሰበር ብቻ ነው ወይ? ሳትሰበር የቆመች ልጅ የለችም?

መምህር ዘጎንደር፦

አለች። ስሟ ካሲ ሎጋን ነው። ሚልድረድ ቴይለር በ1976 ባሳተመችው፣ በማግሥቱ ዓመት ለልጆች መጽሐፍ የሚሰጠውን የአሜሪካ የኒውቤሪ ሜዳልያ ባገኘው «ሮል ኦቭ ተንደር፣ ሂር ማይ ክራይ» በተባለው ልብ ወለድ ውስጥ የምትተርክ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት። ለ11 ዓመት ልጅ የሚስማማ መጽሐፍ ነው፤ ግፉን ሳይሸሽግ የሚናገር ቢሆንም።

ቦታው ሚሲሲፒ፣ ዘመኑ 1933 ነው፤ ከሎሬን ይልቅ እጅግ የከፋ። በትምህርት መክፈቻ ቀን ለጥቁሮቹ ልጆች መጻሕፍት ይታደላሉ። የካሲ ታናሽ ወንድም፣ ንጽሕና የሚወደው ሕፃን፣ ቆሻሻውን መጽሐፍ አይቶ ንጹሑን እንዲሰጡት ይጠይቃል፤ ይከለከላል። ሽፋኑን ገልጦ ከውስጡ የተለጠፈውን ሰንጠረዥ ሲያነብ መጽሐፉን ወለሉ ላይ ጥሎ በእግሩ ይረግጠዋል። ሰንጠረዡ መጽሐፉ ለማን ለማን እንደ ታደለ ከዓመት ዓመት ያሳያል፤ ለነጭ ተማሪዎች ሲታደል ኖሮ ሁኔታው «እጅግ መጥፎ» ሲሆን ለጥቁሮች ተሰጠ፤ በዘር መደብ ሥር የተጻፈውም የስድብ ቃል ነው። ካሲም ተነሥታ ሰንጠረዡን ለመምህሯ ታሳያለች፣ የእርሷንም መጽሐፍ አልቀበልም ትላለች፤ ሁለቱም ይገረፋሉ።

እናታቸው በዚያው ትምህርት ቤት መምህርት ናት። ልጆቿን አልተቆጣችም፤ የተሰጧትን መጻሕፍት ወስዳ ሰንጠረዡን በወረቀት ትለጥፍበታለች። ኋላ ነጮቹ የትምህርት ቤት አስተዳዳሪዎች ከሥራ ሲያባርሯት ይህም አንዱ ሰበብ ይሆናል። ካሲ በገበያ ከተማ በአንዲት ነጭ ልጅ ፊት ይቅርታ እንድትጠይቅ በተዋረደችበት ማታም እናቷ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ነገሩ ከየት እንደ መጣ፣ ባርነት ምን እንደ ነበረ፣ ለምን ነጮቹ የበላይ ነን ማለት እንዳስፈለጋቸው ትነግራታለች።

ወለተ ንባብ በማን እጅ ይገባል ብለው ጠይቀው ነበር። እኔ ሁለቱን መጻሕፍት ጎን ለጎን ሳነብ የማየው ይህን ነው፤ ሁለቱም ልጆች ተዋርደዋል፤ ካሲ እንዲያውም ተገርፋለች። ለካሲ ግን ንቀቱን በስሙ የሚጠራላት፣ ከእርሷ ፊት ሳይሆን ከሌላ ሰው ጥቅም የመጣ መሆኑን የሚያስረዳት ሰው አለ። ለፔኮላ ማንም ይህን አልነገራትም፤ ስለዚህ ምክንያቱን በመስተዋት ውስጥ ፈለገች። ፍትሐዊ ለመሆን ግን ይህን መጨመር አለብኝ፤ የካሲ ቤተሰብ 400 ኤከር (160 ሄክታር ያህል) የራሱ መሬት አለው፤ ብሪድላቮች የራሳቸው ቤት እንኳ የላቸውም። ቀና ብሎ ለመናገር የሚቆሙበት መሬት ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ፖሊንን ከካሲ እናት ጋር እያወዳደርን ብቻዋን እንዳንፈርድባት።

የናታንያ እናት፦

መምህር፣ ስለ መሬቱ የጻፉት ልቤን ነካው። እኔ ለልጄ ያን የሮዝ ሥዕል ባየሁ ቀን የምናገረው አልነበረኝም፤ ቋንቋውም አልነበረኝም። ከሁለት ዓመት በኋላ ነው መልስ የሰጠኋት። ዘግይቷል ብዬ አላምንም።

ወለተ ንባብ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። በመምህር ምክር የካሲን መጽሐፍ ከቤተ መጻሕፍት ተውሼ በየማታው ለልጄ ማንበብ ጀመርሁ፤ አንዳንዱን በእንግሊዝኛ፣ አንዳንዱን እየተረጐምሁ። ቅዳሜ ጸጉሯን ሳበጥር በመጀመሪያ ዘይት ቀባሁት፣ በጣቴ ከፈልሁት፤ ከዚያ «ባለፈው ያልሁት ልክ አልነበረም፤ ጸጉርሽ የአያቴ ጸጉር ነው፤ እርሳቸው ሹሩባ ሲሠሩ ለሁለት ሳምንት ሳይፈታ ይቆይ ነበር» አልኋት። «ለምን እንደዚያ አልሽ ታዲያ?» ብላ ጠየቀችኝ። ለእኔም በልጅነቴ እንዲህ ይሉኝ እንደ ነበር፣ ለእነርሱም ሌላ ሰው ብሏቸው እንደ ነበር ነገርኋት። ማበጠሪያው ሁለት ጊዜ ያዘ፤ ሁለቱንም ጊዜ ዝም ብዬ ፈታሁት።

ወረቀቱ የተለጠፈበት ገጽ ላይ ስንደርስ አቋረጠችኝ። «ወረቀቱን ብትለጥፍበትም ጽሑፉ ከሥር አለ አይደል?» አለች። አዎን አልኋት። «ታዲያ ለምን አልቀደደችውም?» አለች። መምህርቷ መጽሐፉን ብትቀድደው ልጆቹ የሚያነቡት እንደማይኖራቸው ነገርኋት። ጥቂት አሰበችና ቀጥዪ አለችኝ።